ላዩ ደርቋል፤ ሥሩስ?

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በቦሌ መንገድ ሲያልፉ በአየር ትኬት ቢሮዎች መስኮት ውስጥ በቀጭን ብረት ላይ ተሰክተው የቆሙትን ትንንሽ አውሮፕላኖች አስተውለው ያውቃሉ? ብዙዎቻችን ጭራቸው ላይ ያለውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አይተን እናልፋለን። ጊዜ ካለዎት ግን አንድ ቀን ጠጋ ይበሉና ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ይመልከቱት። ነጩ ገላ እንደ እንቁላል ቅርፊት የለሰለሰ ከሆነ የሠራው ሰው ታግሷል። እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሻከረ፣ ወይም አቧራ ተቀብሮበት ጉች ጉች ካለ ደግሞ የሠራው ሰው ቸኩሏል።

“ስለ አሻንጉሊት ቀለም በመንፈሳዊ መጽሔት ላይ መጻፍ ምን ይባላል?” ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት፣ ነገሩ እንግዳ ይመስላል። የምጽፈው ግን ከልጄ ጋር በዚህ ሥራ ላይ ሳለን በቤታችን ውስጥ ተዘግቶ የነበረ አንድ በር ስለ ተከፈተ ነው። እሱን ከመንገሬ በፊት ሥራውን ራሱን ላስረዳ። ሥራውን ያልተረዳ ሰው የተከፈተውን በር አይረዳውምና።

ቁም ሣጥን ላይ የነበረው ካርቶን

ባለቤቴ በአውሮፕላን ጥገና ሙያ የተሠማራ ሰው ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሲረከብ፣ በአፍሪካም የዚህ አውሮፕላን የመጀመሪያው ባለቤት ሲሆን፣ ቤታችን ውስጥ የነበረው ደስታ የሠርግ ያህል ነበር። ልጃችን ያኔ ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለቤቴ ከውጭ አገር በሚመለስ ወዳጁ አማካይነት የዚያኑ አውሮፕላን ተገጣጣሚ ሞዴል በካርቶን አስመጣ። “ልጁ ሲያድግ አብረን እንሠራዋለን” ብሎ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው።

ልጁ አደገ። ካርቶኑ ግን ሳይከፈት አባትዬው በሕመም ወደ ጌታ ሄደ። ልጄ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር።

የምንኖረው ገርጂ ነው። በሰፈራችን አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ንግግሩን ለአፍታ ያቋርጣል፤ ድምፁ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። አባቱ ካረፈ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ልጄ ካርቶኑን አውርዶ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። “እማዬ፣ እንሥራው?” አለኝ። እኔ ስለ ቀለም የማውቀው የቤት ግድግዳ ከማስቀባት የዘለለ ስላልነበረ፣ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ የነበሩ አንድ ወንድም መጥተው እንዲያስተምሩን ለመንኳቸው። እሳቸውም ደስ እያላቸው እሺ አሉኝ።

ትንሽ ጉድፍ ትልቅ የሚሆንበት ምክንያት

ወንድም መጀመሪያ ያስተማሩን ሒሳብ ነው። ሞዴሉ 1 ለ144 የሚባለው ነው። እውነተኛው 787-8 ርዝመቱ 56.7 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ144 ሲካፈል 39 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ይሆናል፤ ከልጄ ክንድ አይበልጥም። ሒሳቡን ግን ወደ ኋላ ያስኬዱት። በሞዴሉ ላይ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የምታህል፣ ከራስ ፀጉር ውፍረት የማትርቅ የአቧራ ቅንጣት ብትጣበቅ፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 1.4 ሴንቲ ሜትር ጉብታ ማለት ናት። የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ጉብታዎች የተበተኑበት አውሮፕላን አይተው ያውቃሉ? ዓይናችን ሒሳቡን ባያሰላም ሐሰቱን ያውቀዋል። ለዚህ ነው በትንሽ ነገር ላይ የሚቀባ ቀለም ከትልቁ ይልቅ ስስና ልሙጥ መሆን ያለበት።

በትልቁም ቢሆን ቀለም እንደ ልብ አይለጠፍም። በቦሌ አውሮፕላኖች በሚቀቡበት ሃንጋር ውስጥ ከመቀባቱ ይልቅ የሚበዛው ከመቀባት በፊት ያለው ሥራ ነው፤ አሮጌውን ማንሳት፣ ማለስለስ፣ ማጠብ፣ መስኮቱንና መጋጠሚያውን መሸፈን። የ787 አካል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ፋይበርና ከመሰል ነገሮች የተሠራ ስለ ሆነ፣ አሮጌው ቀለም እንደ ብረቱ አውሮፕላን በኃይለኛ ኬሚካል አይላጥም፤ በጥንቃቄ እየተፋቀ ነው የሚነሣው። በትልቅ አውሮፕላን ላይ ያለው ቀለም በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ሁሉም ተደራርቦ ግን ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ወፍራም ቀለም ነዳጅ ይበላል። ከውጭ የሚያምረው ከውስጥ ሸክም እንዳይሆን መጠን አለው።

ከቀለም በፊት

እርስዎም ከልጅዎ ጋር መሞከር ቢፈልጉ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የፕላስቲክ ክፍሎቹን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያጥቧቸው። ከፋብሪካ ሲወጡ የማይታይ ቅባት ይዘው ስለሚመጡ ቀለም በቅባት ላይ አይይዝም። በፎጣ አያድርቋቸው፤ ፎጣ ብናኝ ይተዋል። በራሳቸው ይድረቁ።

ሁለቱን ግማሽ ገላዎች ካጣበቁ በኋላ መሐል ላይ መስመር ይቀራል። መስመሩን በስቱኮ ይሙሉት። ስቱኮው ሲደርቅ ጠብ ስለሚል ትንሽ ከፍ አድርገው ይሙሉት፤ ደርቆ ሲጠነክር በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁት። በ400 ቁጥር ይጀምሩ፣ ወደ 600 ይሂዱ፣ በ1000 ይጨርሱ፤ የመጨረሻዎቹን ውኃ እያስነኩ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል። ደረጃ አይዝለሉ፤ የ400ው ጭረት በ1000 አይጠፋም።

ከዚያ ግራጫ ፕራይመር ስስ አድርገው ይርጩ። አብዛኛው ሰው ፕራይመር ጉድለትን የሚሸፍን ይመስለዋል። ልጄም ረጭቶ ሲያበቃ ደነገጠ፤ ለስልሷል ብሎ ያሰበው ቦታ ሁሉ ጭረትና ስንጥቅ ሆኖ ታየው። ወንድም ሳቁና “ሥራው ይኸው ነው ልጄ። ቀለም አይሸፍንም፣ ያሳያል። አሁን ካላየኸው በኋላ ሰው ያይልሃል” አሉት። እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና ፕራይመር። ሦስት ቅዳሜ በዚህ አለፈ።

ስስ፣ ደግሞም ስስ

ነጭ ቀለም ከሁሉ አስቸጋሪው ነው። ደካማ ስለ ሆነ በአንድ ጊዜ አይሸፍንም፤ አንድ ጊዜ ልሸፍን ያለ ደግሞ ያንጠባጥበዋል። የሚረጨውን ቆርቆሮ አስቀድመው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ያቆዩት፤ በእሳት አጠገብ ግን ፈጽሞ አያስጠጉት። በደንብ ይነቅንቁት። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። መርጨቱን ከሞዴሉ ውጭ ይጀምሩ፣ በሞዴሉ ላይ ሳያቋርጡ ይለፉ፣ ከሞዴሉ ውጭ ያቁሙ። በጣም ከቀረቡ ይፈስሳል። በጣም ከራቁ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ እንደ ዱቄት ያርፋል፤ ያ ብርቱካን ልጣጭ የሚባለው መሻከር አንዱ ምንጩ ይህ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሥሩ እስኪታይ ድረስ ስስ ይሁን። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው።

የአዲስ አበባ አየር የራሱ ጠባይ አለው። በበጋ ደረቅና አቧራማ ነው። እናቶቻችን ከመጥረጋቸው በፊት ወለሉ ላይ ውኃ እንደሚረጩ ሁሉ፣ እኛም ከመቀባታችን በፊት የበረንዳውን ወለል እናርሰው ነበር፤ አቧራው እንዲቀመጥ። ጋቢና ሹራብ ክር ስለሚያበኑ አይለበሱም። የተቀባው ወዲያው ንጹሕ ካርቶን ይደፋበታል። በክረምት ደግሞ ቶሎ የሚደርቁት ቀለሞች ከአየሩ እርጥበት የተነሣ ነጭ ጭጋግ ሊያወጡ ስለሚችሉ ዝናብ በሚጥልበት ቀን አለመቀባት ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቀለምና ቲነር ጭሳቸው ለሳንባ ጎጂ ነው፤ እሳትም ይይዛል። ክፍት ቦታ ላይ ይሥሩ፣ ለቀለም ጭስ የተሠራ መከላከያ ለእርስዎም ለልጅዎም ያድርጉ። ቡና ለማፍላት የተቀጣጠለ ከሰል በአጠገቡ አይኑር። ቡናው ይቆይ።

“ላዩ ደርቋል”

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልምጣ። ልጄ አባቱ ሲያርፍ በሰው ፊት አላለቀሰም። በድንኳኑ ውስጥ እንግዳ አስተናገደ፣ ውኃ አቀረበ፣ ወንበር አነሣ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ልጆች መዘምራን ተመለሰ። ለቅሶ ሊደርሱን የመጡት ሁሉ “እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው! ጌታ አጽናንቶታል” ይሉ ነበር። አንዳንዶቹም ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ብሎ የጻፈውን እያስታወሱ ያበረታቱት ነበር። ትምህርቱ አልቀነሰም፤ ጠባዩ አልተበላሸም። ላዩ እንደ መስታወት ልሙጥ ነበር። ስለ አባቱ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ስሙ ሲነሣ ውኃ ሊጠጣ ይነሣል።

ከሞዴሉ ጋር ወደ ሁለተኛው የነጭ ዙር ስንደርስ እንዲህ ሆነ። የገዛነው ቀለም በዘይት የሚሠራው፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ዓይነት ነበር። ወንድም በዚያ ቅዳሜ ሥራ ስለ ነበራቸው አልመጡም። ልጄ በዋዜማው የረጨውን በጣቱ ጫፍ ነካው፤ አልተጣበቀበትም። ደርቋል ብሎ አዲስ ረጨበት። ደቂቃ አልፈጀም፤ ነጩ ገላ ዓይናችን እያየ እንደ ሽማግሌ ቆዳ ተጨማደደ።

ማታ በስልክ ለወንድም ነገርናቸው። እሳቸውም ምክንያቱን አስረዱን። እንዲህ ያለው ቀለም የሚደርቀው ከላይ ወደ ታች ነው። ላዩ አየር ስለሚያገኝ ቶሎ ቆዳ ይይዛል፤ ሥሩ ግን ገና ለስላሳ ነው። አዲስ ቀለም ሲጨመርበት በአዲሱ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ በቆዳው በኩል ገብቶ ሥሩን ያነሣሣዋል፤ ያብጣል፣ ይጨማደዳል። “በጣት አይታወቅም” አሉ፤ “በአፍንጫ ነው የሚታወቀው። አስጠግታችሁ አሽትቱት። ሽታ ካለው ገና ከሥሩ እየወጣ ያለ ነገር አለ ማለት ነው። ሽታው እስኪጠፋ አትንኩት።”

ልጄ ስልኩን አስቀመጠና የተጨማደደውን አውሮፕላን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ቀና ሳይል፣ “እማዬ፣ እኔም እንደዚህ ነኝ” አለኝ።

ዝም አልኩ። አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ ድምፁ እስኪርቅ ሁለታችንም ጠበቅን። “ሁሉም ጠንካራ ነህ ይለኛል። ካለቀስኩ እምነት የለኝም ማለት መስሎኝ ነበር። አንቺም እንዳታለቅሺ ብዬ ነው።” ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ያን ማታ እኔና ልጄ አንድ ዓመት ከመንፈቅ የቆየ ለቅሶ አብረን አለቀስን። በመጨረሻም አባቱ ሲስቅ እንዴት ይስቅ እንደ ነበር እየኮረጀ አሳቀኝ። የአባቱን ስም በቤታችን ውስጥ ያለ ፍርሃት የጠራው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ቃሉ ስለ ሐዘን ምን ያስተምረናል?

ውድ አንባቢ፣ ጳውሎስ አማኞች ፈጽሞ እንዳያዝኑ አላዘዘም። የለየው ተስፋ ያለውን ሐዘን ተስፋ ከሌለው ሐዘን ነው። ጌታችን ኢየሱስ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደ ሆነ እያወቀ በመቃብሩ መንገድ ላይ እንባውን አፍስሷል (ዮሐንስ 11)። የትንሣኤ ጌታ ካለቀሰ፣ የ12 ዓመት ልጅ ቢያለቅስ እምነት ጎደለው ማን ይለዋል? ለያዕቆብ በግብፅ ምድር 70 ቀን ተለቅሶለታል (ዘፍጥረት 50)። የእስራኤል ልጆች ለሙሴ በሞዓብ ሜዳ 30 ቀን አልቅሰዋል (ዘዳግም 34)። የእግዚአብሔር ሕዝብ ለሐዘን ቀን ቆጥሮ ሰጥቷል፤ አላቻኮለም።

በአንጻሩ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 13 የወቀሳቸውን ያስታውሱ። ደካማ ቅጥር ሲሠራ አይተው፣ ቅጥሩን ከማጠንከር ይልቅ ላዩን መርገው አሳመሩት፤ ሰላም በሌለበትም ሰላም ነው አሉ። ዝናብ ሲመጣ ቅጥሩም ምርጊቱም አብረው ወደቁ። የጭቃ ቤት ባለበት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ተርጓሚ አያሻውም። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ሳይደርቅ ልስን የተደረገበት ግድግዳ ምን እንደሚሆን ያውቀዋልና፤ ይሰነጠቃል።

“አይዞህ፣ ጌታ ያውቃል፣ ወንድ ልጅ አይደለህ?” ማለት ክፉ ቃል አይደለም። ለሚናገረውም የፍቅር ቃል ነው። ነገር ግን ሥሩ ባልደረቀ ልብ ላይ የሚረጭ ሁለተኛ ዙር ሊሆን ይችላል። መልካም ቀለም ነው፤ ጊዜው ግን አልደረሰም።

በቤትዎ ቢያስተውሉት

ስለዚህ በቤትዎ ያዘነ ልጅ ቢኖር እነዚህን ልምከርዎት። አንደኛ፣ በጣት አይፈትኑት፤ ማለትም አለማልቀሱን፣ መሳቁን፣ ውጤቱ አለመውረዱን የመጽናናት ማረጋገጫ አያድርጉት። እንደ ሽታው በዝግታ የሚወጣውን ያስተውሉ፤ የሚሸሸውን ስም፣ የማይገባበትን ክፍል፣ የማይበላውን የአባቱን ተወዳጅ ምግብ።

ሁለተኛ፣ ፊት ለፊት አስቀምጠው “ንገረኝ” ከማለት ይልቅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ሥራ ይሥሩ። ሞዴል አውሮፕላን መሆን የለበትም፤ ሽሮ መልቀም፣ ወንበር መጠገንም ይሆናል። እጅ ሥራ ሲይዝ፣ ዓይንም ሌላ ቦታ ሲያርፍ፣ አፍ ይፈታል። ቀለም እስኪደርቅ መጠበቅ ለንግግር የተሰጠ ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሞተው ሰው እርስዎ ራስዎ ይናገሩ። ልጆች ብዙ ጊዜ ዝም የሚሉት እኛን ላለማሳዘን ነው።

አራተኛ፣ ልጁ እንቅልፍና ምግብ ከራቀው፣ ከትምህርትና ከጓደኞቹ ከተለየ፣ ወይም መኖር አልፈልግም የሚል ቃል ከወጣው አይዘግዩ። ይጸልዩ፤ ከጸሎቱም ጋር ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሠለጠነ አማካሪ ይውሰዱት። ጸሎትና ሕክምና ጠላቶች አይደሉም።

ሞዴሉስ ምን ሆነ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርቶን ተደፍቶበት ቆየ። ልጄ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከፍቶ ያሸተው ነበር። ሽታው ሲጠፋ የተጨማደደውን በ600 ቁጥር እስከ ፕራይመሩ ፍቆ እንደ አዲስ ጀመረ። ከስድስት ስስ ዙሮች በኋላ ነጩ ተስተካከለ። ለጭራው ከፈዛዛው ወደ ጠቆረው መሄድ ስለሚያሻ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ፣ በመጨረሻ አረንጓዴ ቀባ። በየቀለሙ መካከል የሚለጠፈውን የወረቀት ፕላስተር ጫፉን በሥር ቀለሙ አስቀድሞ አሸገው፤ አዲሱ ሰርጎ እንዳይገባ። ሲያነሣውም ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላው አጥፎ፣ ቀስ ብሎ ሳበው። መስመሩ እንደ ምላጭ የጠራ ወጣ።

ወንድም ሲመጡ በመስኮቱ ብርሃን እያዘነበሉ ዙሪያውን አዩት። ከክንዱ ሥር ካለች አንዲት ብናኝ በቀር እንከን አላገኙበትም። ልጄ “ልፋቃት?” ሲላቸው፣ “ተዋት፣ ይህችን አባትህም ይተዋት ነበር” አሉት። ልጄም ሳቀ፤ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረም አልደበቀንም።

እግዚአብሔር በላያችን ባለው ልሙጥ ነገር የሚረካ አምላክ አይደለም፤ ሰው ፊትን ሲያይ እርሱ ወደ ልብ ይመለከታል። ቸኩሎም አይሠራንም። ሥራችን ገና ከሥሩ እየደረቀ ላለን ለእኛ፣ እስኪደርቅም ለሚጠብቁን ሁሉ ትዕግሥቱን ያብዛልን። ጸጋው ከእርስዎና ከቤተሰብዎ ጋር ይሁን። አሜን።